አምስት ቁጥር ውስጥ ማን አለ?

የአምስት ቁጥሩን መንፈስ የፈጠርኩት እኔ ሰኪና ነኝ። ዛሬ ይህን ለመናገር አላፍርም። ያኔ በሰማንያ ሁለት ግን ለጊንጪ ሰው ሁሉ ዓይኔን በጨው አጥቤ ነበር የምዋሸው። መንፈሱ በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ለሚጠይቀኝ ሰዓቱን ሳይቀር እነግረው ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ እንጂ ምን እላለሁ።

ቤታችን ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለች ሰባት ክፍል አልጋ ቤት ናት። ከፊት ሻይ ቤት፣ ከኋላ ሲሚንቶ የፈሰሰበት ግቢ፣ በግቢው ዙሪያ ክፍሎቹ። አባቴ አብዱልወሀብ ከወራቤ አካባቢ በወጣትነታቸው መጥተው የሠሯት ናት። እናቴ ሹኩሪያ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ወደ ባኮና ነቀምት ለሚያልፈው ነጋዴ ስታበስል ኖራለች። በተለይ ሙስሊም ነጋዴ ከሆነ ከእኛ ቤት ሌላ አያድርም ነበር።

አምስት ቁጥር ውስጥ ሰው መሞቱ እውነት ነው። ኦቦ ኤጄታ የሚባሉ የበቆሎ መኪና ሾፌር ከባኮ ወባ ይዘው መጡና ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ስጡኝ ሲሉ አድረው ሐኪም ሳይደርስላቸው ዐረፉ። ደግ ሰው ነበሩ፣ ባለፉ ቁጥር ማንጎ ያመጡልኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጨዋታ ሲደራ አምስት ቁጥር ኤኬራ አለ የሚል አይጠፋም። ኤኬራ በኦሮምኛ የሟች መንፈስ ማለት ነው። እኛ ግን ክፍሉን ለዓመታት ስናከራየው ኖረናል፣ አንድም ሰው አቤት ያለ የለም።

ነገሩ የተለወጠው ወንድሜ ደሊል ከሰሜን ግንባር ጠፍቶ የመጣ ዕለት ነው። ከአዲስ አበባ በመጣ የጨው መኪና ላይ በኩንታል መካከል ተቀብሮ ገባ። ከግንባር የጠፋ ወታደር ከተያዘ ምን እንደሚያገኘው በዚያ ዘመን ለሕፃን እንኳን መንገር አያሻም ነበር፣ የደበቀው ቤተሰብም አይተርፍም። ከተማው ሁሉ ደሊል ግንባር ላይ ነው ብሎ ያምናል። አባቴም ገበያ ላይ «ከልጁ ደብዳቤ መጣ ወይ?» ሲሏቸው መጣ ይላሉ።

አምስት ቁጥር ከጓዳችን ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ከጤፍ ኩንታሎቹ ኋላ ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ከፈትንና ደሊልን እዚያ አስገባነው። የግቢውን በር በጓጉንቸር ቆለፍነው። እንግዲህ ቢያርፍ ምን ነበረበት! እሱ ግን ግንባር እያለ ለአላህ ቃል ገብቷል፤ ከዚህ ካወጣኸኝ አንድ ሰላት አላሳልፍም ብሎ። ለእያንዳንዱ ሰላት ውዱእ ያደርጋል፣ እጅ፣ ፊትና እግሩን ይታጠባል። አባቴ በአፈር ተየሙም አድርግ ብለው ለመኑት። ውኃ እያለ ተየሙም እንደማይፈቀድ ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት አላቸውና አፋቸውን አስያዛቸው። በዚያ ላይ መድፍ ጆሮውን ጎድቶታል፤ ቀስ ብሎ ያፈሰሰ እየመሰለው ያንቦጫቡጨዋል። ውኃው ደግሞ በቱቦ አድርጎ በግቢው ቦይ ላይ ይወርዳል።

በቀን አምስት ጊዜ ከተቆለፈ ክፍል ውኃ ይፈሳል ማለት ነው። መጀመሪያ ያየችው አንሶላ የምታጥብልን ዘርትሁን ናት። ያጠበችውን ጥላ እየሮጠች ሻይ ቤት ገባችና ኦቦ ኤጄታ ዛሬም ውኃ ጠምቷቸዋል ብላ ለእንግዳው ሁሉ ተናገረች። እኔም እንዳልሰማሁ ማለፍ ሲገባኝ፣ አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ፣ ስማቸውን ስጠራ ጸጥ ይላል አልኩ። በሳምንት ውስጥ ወሬው አምቦ ደረሰ። ነፍሳቸውን ይማርና፣ ኦቦ ኤጄታ ሞተውም ለወንድሜ ዘበኛ ሆኑለት።

ክርስቲያን እንግዳ ውኃው ሲወርድ ያማትብና ክፍሉን ይዘጋል። ሙስሊም ከሆነ ግን የሰላት ሰዓት መሆኑን ያውቀዋል፣ ወዲያው ይጠረጥራል። ስለዚህ ሙስሊም እንግዳ በመጣ ቁጥር አልጋ ሞልቷል እያልን መመለስ ጀመርን። እናቴ ሃያ ዓመት ያበሰለችላቸውን ሰዎች በር ላይ ስታሰናብት ዓይኗ እንባ ያቀርራል። ባዶ ክፍል እያለን ነበር የምንመልሳቸው። ይህን ያስተዋለ ሰው አለ ብዬ አልጠረጠርኩም፤ ሌላውን ሁሉ ስጠረጥር ይህን ረሳሁት።

*

ጉርሙ የቀበሌው ጸሐፊ ነው። የአምቦ ልጅ ነው፤ ወደ ጊንጪ የመጣው ደሊል ከሄደ በኋላ ስለሆነ ወንድሜን በመልክ አያውቀውም። ሥራው የአልጋ ቤቶችን የእንግዳ መዝገብ በየቀኑ ማየት ነው፤ ማን አደረ፣ ከየት መጣ፣ ወዴት ይሄዳል። በሌላው ቤት አምስት ደቂቃ አይቆይም። እኛ ቤት ግን ሦስት እንግዳ ለመቁጠር አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። መዝገቡን ገልብጦ ሲያነብ አይቼው ፊደል ጠፋብህ ወይ አልኩት አንድ ቀን። ፊደሉ ሳይሆን አንባቢው ነው የጠፋው ብሎ ቀና ሲል ዓይናችን ገጠመ። ከዚያ በኋላ ሻዩን ስኳር ጨምሬበት ይሁን ሳልጨምር አላውቅም።

አስር የሚባለው የከሰዓት በኋላው ሰላት ሲደርስ ጥዬው ወደ ውስጥ እገባለሁ። እሱ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። በመጀመሪያ የት እንደምሄድ ይጠይቅ ነበር፣ ኋላ ተወ። ጥቂት ወራት ሲያልፉ ጭራሽ እሱ ሰዓቱን እያየ «ሰኪና ኮ፣ ሰዓትሽ ደረሰ» ይለኝ ጀመር። ኮ በነሱ ቋንቋ የኔ ማለት ነው። በረመዳን እኔ ፊት ሻይ አይጠጣም፤ ቢጠማው ወደ ውጭ ይወጣል። እንደዚህ ዓይነት ሰው እንዴት ነው የማይወደድ? ወደድኩት። ለራሴም ሳልደብቅ ወደድኩት።

እናቴ ግን ከኔ በፊት ነቅታበታለች። ክርስቲያን ነው፣ አባትሽ ይሞታል ማለቷን ጀምራ ተወችው። ከዚያ የሚብሰውን ነገር ነበር የያዘችው። «ይሄ ልጅ ስም መዝጋቢ ነው። ዛሬ የአንቺን ስም በፍቅር ይጠራል፣ ነገ የወንድምሽን ይጽፋል» አለችኝ። ዘመኑ እናት ልጇን የምትጠረጥርበት ነበርና ቃሏ ልቤ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። ሲስቅልኝ ምን ፈልጎ ነው እላለሁ። ዝም ሲል ምን ሰምቶ ነው እላለሁ። ግቢውን ሲያይ ምን አይቶ ነው እላለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ መዝገቡን ይዞ በግቢው በር በኩል ተቀምጧል። ሰዓትሽ ደረሰ አለኝ። ገና ከመቀመጫዬ ሳልነሣ ከአምስት ቁጥር ውኃው ወረደ። ጉርሙ ሰዓቱን አየ፣ ውኃውን አየ፣ እኔን አየ። «መንፈሳችሁ ሰዓት አክባሪ ነው» አለ። ሳቅኩ። መነሣቴን ግን ተውኩት።

በማግሥቱ ደግሞ የባሰ ነገር መጣ። ደሊል ግንባር ላይ ቅማል በልቶት ስለነበር ጢሙ ሲያድግ ይዘገንነዋል፣ በየሁለት ቀኑ ካልተላጨ አይሆንለትም። ያን ቀን በቱቦው ከውኃው ጋር የሳሙና አረፋ ወረደ። አረፋው ላይ ጥቁር የተላጨ ጢም ነበር። ጉርሙ ከወንበሩ ተነሥቶ ቦዩ አጠገብ ሄደና ጎንበስ ብሎ አየው። ተመልሶ መዝገቡን ፈረመና ሄደ። ደህና ዋይ እንኳን አላለኝም።

በሚቀጥለው ቀን መዝገቡን ሲመልስልኝ በመካከሉ የታጠፈ ወረቀት አገኘሁ። ጓዳ ገብቼ አነበብኩት።

«ሰኪና፣ በመንፈስ እንደማላምን ታውቂያለሽ። ያም ሆኖ አንቺ አለ ካልሽኝ አለ ብዬ ልኖር ነበር። አሁን ግን ሲላጭ አየሁት። አባትሽ ጢማቸውን አይነኩም፣ ወንድምሽ ግንባር ነው። ታዲያ በተቆለፈ ክፍል ውስጥ የሚላጨው ወንድ ማነው? ሰጋጅ መሆኑ ገብቶኛል፤ የሰላቱን ሰዓት የተማርኩት ከአንቺ ነው፣ ሙስሊም እንግዳ ከመዝገባችሁ መጥፋቱንም አይቻለሁ። ለማንም አልተናገርኩም፣ አልናገርምም። ለኔ ብቻ ንገሪኝ። ባልሽ ከሆነ ባሌ ነው በይኝና ልተወው። ከምጠራጠር ቁርጤን ባውቅ ይሻለኛል። ጉርሙ።»

ዛሬ ሳስታውሰው ያፈቀረ ሰው ጽሑፍ ነው። ያኔ ግን እያንዳንዱ መሥመር ወጥመድ መሰለኝ። ለኔ ብቻ ንገሪኝ የሚለውን መርማሪም ይለዋል። ባሌ ነው በይኝ የሚለው ደግሞ አውጥቶ ሊጠይቀኝ ያልደፈረውን ስም በሌላ መንገድ ሊያወጣጣኝ ነው አልኩ። እናቴ ወረቀቱን ከእጄ ነጥቃ እሳት ውስጥ ከተተችው። መልሱን እሷ ናት ያስጻፈችኝ፤ እጁ ግን የኔ ነው፣ በማንም አላሳብብም። «በማያገባህ አትግባ። ከእንግዲህ መዝገቡን ሌላ ሰው ይይልን» ብዬ ጻፍኩ።

አንብቦ ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። ቀና ብሎ ቢያየኝ ኖሮ ፊቴን አይቶ ይረዳው ነበር፣ ግን አላየኝም። በእሱ ቤት ጥያቄው ተመልሷል፤ ባል አላት። ሻዩን ሳይነካው ወጣ። እኔም ብርጭቆውን ይዤ እስኪቀዘቅዝ ቆምኩ። ያልጠላሁትን ሰው እንደ ጠላት አባረርኩት፣ ምክንያቱ ደግሞ ስላላመንኩት ብቻ ነው።

*

በወሩ የግዳጅ ምልመላ መጣ። ከቀበሌያችን አሥራ አራት ወጣት ይፈለጋል ተባለ። ወንድ የተባለ ሁሉ ወደ ገጠር ሸሸ። ሊቀመንበሩ ጓድ ደግፌ ሰው ማግኘት ሲያቅታቸው ቤት ለቤት ፍተሻ ጀመሩ። እኛ ቤት የደረሱት ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሁለት ጠመንጃ የያዙ ሚሊሺያዎች አስከትለዋል። ከኋላቸው ስም ዝርዝሩን ይዞ የመጣው ጉርሙ ነው።

ሳየው ነገራቸው አልኩ በልቤ። እናቴ ከጓዳው በር ላይ ሆና አየችኝ፤ አልነገርኩሽም ወይ የሚል ዓይን ነበር። ጉርሙ ግን ከዝርዝሩ ላይ ዓይኑን አያነሣም።

መጀመሪያ ጓዳውን ፈተሹ። ኩንታሎቹን በእግራቸው ነካ ነካ አድርገው አለፉ፤ አንደኛውን ሚሊሺያ ግን እዚያው አቆሙት። ደሊል የሚሾልክበት ቀዳዳ ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ክፍሎቹን ከአንድ ቁጥር ጀምሮ ማስከፈት ያዙ። አራት ቁጥር ከወጡ በኋላ ጓድ ደግፌ አምስት ቁጥር በር ላይ ቆሙ። አይከፈትም፣ መንፈስ አለበት አልኳቸው። በየስብሰባው መንፈስ የሚባል ነገር እንደሌለ ሲያስተምሩን የኖሩት እሳቸው ናቸውና ሰው ፊት አምናለሁ ማለት አይችሉም። ሆኖም እጃቸው ወደ በሩ አልሄደም።

ይህን ጊዜ ውኃው ወረደ። ጆሮው የማይሰማው ወንድሜ ከግድግዳው ማዶ ውዱእ እያደረገ ነው። ውኃው በሲሚንቶው ላይ እየተጥመለመለ የጓድ ደግፌ ጫማ ሥር ደረሰ። ሁለተኛው ሚሊሺያ ኦቦ ቦጂያ የሟቹ ወዳጅ ነበሩ። ባርኔጣቸውን አወለቁና «ኤጄታ» አሉ፤ ቀስ ብለው፣ ሰው ጠርተው እንደሚያነጋግሩ። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ።

ጓድ ደግፌ የግንባራቸውን ላብ ጠረጉ። ክፈቺ አሉኝ። ቁልፉ እጄ ላይ ነበር። ጨበጥኩት። ክፈቺ ብለው ደገሙ።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ እኔ ልግባ» አለ ጉርሙ።

ቁልፉን ከእጄ ወሰደው። ጣቱ ጣቴን ነካው፣ ዓይኑ ግን ከጓጉንቸሩ ላይ አልተነቀለም። ሊበቀለኝ ነው ብዬ አሰብኩ። በዚያች ቅጽበት እንኳን፣ አላህ ምስክሬ ነው፣ ሌላ ነገር አላሰብኩም። በሩን ጠባብ አድርጎ ከፈተና ጨለማው ውስጥ ገባ። ከውስጥ ዘጋው።

አራት ጊዜ ፋቲሃ የሚቀራበት ያህል ቆየ። እኔ ደሊልን የሚጎትቱበትን፣ አባቴን የሚያስሩበትን፣ እናቴ መሬት ላይ የምትወድቅበትን ሁሉ በሐሳቤ ጨረስኩ።

ወጣ። በሩን ቆለፈ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ባዶ ነው» አለ።

ውኃውስ አሉት ጓድ ደግፌ። ወለሉ እርጥብ ነው፣ ከየት እንደሚመጣ ግን አላውቅም፣ ሰው የለም አላቸው። ሊቀመንበሩ በሩንም እሱንም እያፈራረቁ አዩ። እኔንም አዩኝ። አላመኑትም፤ ፍርሃታቸው ግን ማመን ፈለገ። በመጨረሻ፣ በዚህ ቃልህ ፈርም አሉት። ፈረመ። እሺ፣ አሉ፣ እስካሁን ያለን አሥራ ሦስት ነው፣ አሥራ አራተኛው እስከ ነገ ጠዋት ካልተገኘ ተመልሼ ይህን በር ራሴ አስነቅለዋለሁ፣ መንፈስም ይውጣ ሰው።

ጉርሙ ዝርዝሩን በግድግዳው ላይ አስደግፎ ከታች በኩል አንድ መሥመር ጻፈ። ወረቀቱን ለሊቀመንበሩ ሰጣቸው።

«ተሟልቷል» አለ።

ጓድ ደግፌ ጮክ ብለው አነበቡት። ጉርሙ ሙለታ። አንተ እኮ ጸሐፊ ነህ፣ አይመለከትህም፣ ምን ሆንክ አሉት። ዕድሜዬ ይደርሳል አለ እንጂ ሌላ ነገር አልተናገረም። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። የሚፈልጉት አሥራ አራት ሰው ነው፣ አሥራ አራት ሰው አግኝተዋል።

ጉርሙ ቁልፉን እጄ ላይ አላስቀመጠውም። ሻይ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ጥሎት ወጣ። እኔ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ስጠረጥረው የኖርኩት ሰው ምን እንደሆነ አሁን ገባኝ፣ ግን ጀርባውን ነው ያየሁት።

*

ከሄዱ በኋላ ደሊል በክፍሉ ውስጥ የሆነውን ነገረን። ሰላት ጀምሮ ነበር። ብርሃን ሲገባ ሰው መግባቱን አወቀ፣ አለቀልኝ አለ፣ ግን ሰላቱን አላቋረጠም። ሰውየው በሩን ተደግፎ ቆሞ ጠበቀው። ደሊል አሰላምቶ ሲጨርስ ሰውየው ጎንበስ አለና አፉን ጆሮው ሥር አስጠግቶ «ተጠንቀቅላት። ውኃውንም ቀስ አድርገህ አፍስስ» ብሎት ወጣ።

እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው አለ ደሊል። እኔ ግን ተጠንቀቅላት የምትለው ቃል ነበር የያዘችኝ። ጉርሙ ያየው ወንድሜን አይደለም። ጎልማሳ፣ መልከ መልካም፣ ጢሙን የተላጨ ወንድ ነው ያየው። ባሌን አየ። እኔን አደራ ብሎ ለባሌ ሰጠኝና በባሌ ፋንታ ሊዘምት ስሙን ጻፈ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ደሊል ልውጣ፣ እኔ ልሂድ አለ። እናቴ እግሩ ላይ ተጠመጠመች። ጠፍቶ የመጣን ወታደር እንደ ገና አይወስዱትም፣ ይረሽኑታል፤ ይህን እሱም ያውቃል። እንግዲያው እውነቱን ለጉርሙ ልንገረው አልኩ። እናቴ እንባዋን እየጠረገች እምቢ አለች።

«ልጄ፣ የሚሄድ ሰው ነው። ነገ ማን እንደሚገርፈው አናውቅም። የማያውቀውን አይናገርም፣ እንዳያውቅ ተይው።»

ልክ ናት። ያ ነው የሚያቃጥለኝ፣ ልክ መሆኗ። አባቴ ጥግ ላይ ተቀምጠው የሙስበሃቸውን የጸሎት ዶቃ ያገላብጣሉ። አቆሙና «ልጃችንን ሰጥቶን ነው የሚሄደው። እኛ ምን ሰጠነው?» አሉ። የማደርገውን ቢያውቁ ኖሮ ያን ቃል ከአፋቸው ባላወጡት ነበር።

*

ጠዋት የወታደሮቹ አይፋ ጭነት መኪና ቀበሌው በር ላይ ቆሟል። የገበያ ቀን ስለነበር ከገጠር የመጣው ሁሉ ከቦታል። እናቶች ያለቅሳሉ። አሥራ አራቱም ላዩ ላይ ተጭነዋል፣ ጉርሙ ዳር ላይ ነው። ሁልጊዜ የሚለብሳትን ቡናማ ኮት ለብሷል። ጓድ ደግፌ ከሾፌሩ ጋር አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ቆመዋል።

ሰውን ገፍቼ መኪናው ሥር ደረስኩ። ጉርሙ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚያ ደብዳቤ ወዲህ ፊት ለፊት አየኝ። ቂም የለበትም፣ ያ ነው የባሰው።

«መጣሽ? ደግ አደረግሽ» አለኝ። «በሉ፣ ደህና ሁኑ።»

ሁኑ አለኝ። እኔንና ባሌን መሆኑ ነው።

ምን ልበል? ጮክ ብዬ ብናገር ደሊል ይሞታል። በኦሮምኛ ብናገር ገበያው ሁሉ ኦሮምኛ ነው የሚናገረው። ደብዳቤ ብሰጠው ወታደሮቹ ኪሱን ይፈትሻሉ። ይህች ነገር ከጆሮው ሌላ የምትቀመጥበት ቦታ አልነበራትም። ሾፌሩ ወደ መኪናው መራመድ ጀመረ። እኔ የአብዱልወሀብ ልጅ ነኝ፤ ጊንጪ ውስጥ አንድ ወንድ እጄን ጨብጦ አያውቅም። አባቴ ከመስጊድ ሰዎች ጋር መንገዱ ማዶ ቆመዋል። አየኋቸው። አዩኝ።

ጎማው ላይ ወጣሁ። ሻሼ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፣ አልያዝኩትም። ሁለት እጄን በጉርሙ አንገት ላይ ጠመጠምኩና ጉንጬን ጉንጩ ላይ አሳረፍኩ። ዘርትሁን አፏን በእጇ ያዘች። አንዲት ሴት ስትሳደብ ሰማሁ፤ ማን እንደሆነች እስከ ዛሬ አውቃለሁ፣ ግን ይቅር ብያታለሁ። አባቴ ቀስ ብለው ጀርባቸውን ሰጡኝ። ስሜ በዚያች ደቂቃ እንደ ሄደ አውቄ ነው ያደረግኩት።

«ወንድሜ ነው» አልኩት በጆሮው።

ሰውነቱ ደረቀ። «ማን?» አለኝ።

«አምስት ቁጥር ያለው። ደሊል ነው፣ የእናቴ ልጅ። ከግንባር ጠፍቶ መጥቶ ነው። ባል የለኝም ጉርሙ። ኖሮኝም አያውቅም። ያላመንኩህ ሥራህን ፈርቼ ነው እንጂ ልቤስ ካንተ ሌላ አያውቅም።»

የሰማ አልመሰለኝም። ከዚያ ደረቱ ሲነሣና ሲወድቅ ተሰማኝ። ግንባሩን ትከሻዬ ላይ ጣለ፣ እጆቹ ወገቤ ላይ ተቆለፉ። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ። አንድ ወታደር ውረጂ እያለ ይጮህብኛል። ጉርሙ አለቀቀኝም።

«ሰኪና ኮ» አለኝ፤ ድምፁ እየተቆራረጠ ነበር። «ትናንት ስሜን ስጽፍ ምንም አልመሰለኝም። የምመለስበት ነገር የለኝም ብዬ ነበር። አሁን ፈራሁ።»

እኔም ፈራሁ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ እንደዚያ ቀንም ደስ ብሎኝ አያውቅም።